«ቀን ማን ያያል?» ላሉን ጸሐፊ ከጎጃም የተሰጠ ምላሽ

ቴሌቪዥን ቀን ቀን ይዘጋ የሚል አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም ደርሶኛል፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ግድግዳ የምንጋራው መምህርም «አየኸው?» ብሎ ልኮልኛል። ጸሐፊው ማንነታቸውን ባይገልጹም ብዕራቸው የሰላ ነው፤ ያነሡት ጉዳይም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ለክርክራቸው ዋና ምስክር አድርገው የጠሩት «የጎጃምን ገበሬ» ስለሆነ፣ ምስክሩ የተጠራበት አገር ሰው አንድ ነገር ቢል ነውር አይሆንም።

በመጀመሪያ ያሉትን ልናገር፤ ጽሑፉን ያላነበበም እንዲፈርድ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው የለም፤ ሠራተኛው ቢሮ፣ ተማሪው ክፍል፣ የጎጃም ገበሬም በሬውን ጠምዶ ማሳ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የሚያይ ቢኖርም ሥራ የሌለው ሰውና ቤት የዋለች ሴት ናቸው፤ እሷንም ወደ አማርኛ የተመለሰው የውጭ ድራማ ከቤቷ ሥራ አፋትቷታል። ሦስተኛ፣ የቀን ዝግጅት የትናንት ማታው ድጋሚ ስለሆነ ለእሱ የሚወጣው የሳተላይት ኪራይ ብክነት ነው። አራተኛ፣ ድሮ ቴሌቪዥን ማታ ብቻ ነበር፤ አገርም በደህና ሥራውን ይሠራ ነበር። አምስተኛ፣ አሜሪካኖቹ እንኳ የቀን ድራማቸውን ወደ ኢንተርኔት እያወጡት ስለሆነ እኛም ቀኑን ለዩቲዩብ ትተን ገንዘቡን ማታ ላይ እናውለው። መደምደሚያቸውም ጣቢያዎች ቀን ይዝጉ፣ ማታውን ያሳምሩ የሚል ነው።

ከገበሬው ልጀምር፤ የተጠራው እሱ ነውና።

የጎጃም ገበሬ ሥራ ወዳድ ነው መባሉን በደስታ ተቀብለናል። ጸሐፊው የረሱት ግን በሬ የማይጠመድበትን ቀን ነው። ወሩን በጣትዎ ይቁጠሩት፤ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። አቦን የሚያከብር አጥቢያ 5ንም ይጨምርበታል። በዚህ ላይ እሑድ አለ፤ ቅዳሜንም ሰንበት ነው ብሎ የማያርስ ሰፈር ሞልቷል። የቱ ቀን አጥብቆ እንደሚከበር ከደብር ደብር ይለያያል፤ በተከበረበት ዕለት ግን ማረስም ማጨድም መውቃትም ያስወቅሳል። ይህን ልማድ የሚያወድስም የሚተችም አለ፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው፣ ከወሩ ሲሶ በሚሆነው ቀን ገበሬው በጠራራ ፀሐይ እጁ ከሥራ ነፃ መሆኑ ነው።

ታዲያ የት ይውላል? ያስቀድሳል፣ ማኅበር ካለበት ማኅበሩን ይጠጣል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ከዚያ ከተማ ብቅ ይላል። ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ ሚካኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ጠጅ ቤት ጎራ ይበሉ። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ሪሞቱ አቧራ እንዳይገባው ከተገዛ ጀምሮ ከነላስቲኩ ነው። ዱላው ከግድግዳው ተደግፏል፤ ጋቢው ትከሻ ላይ ተጣፍቷል። በቅርቡ ቢቸና እንዲህ ያለ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ ሐኪም ስለ ኩላሊት ጠጠር እያስረዳ ነበር። አንድ ጎልማሳ ብርሌውን አስቀመጠና «እታለም፣ እስኪ ድምጡን ጨምሪው» አላት ቀጂዋን። ቤቱ ረጭ አለ። ሐኪሙ «ፈሳሽ በብዛት ይጠጡ» ሲል ግን ከወዲያ ጥግ «ጠጅስ ይቆጠራል?» የሚል ተነሥቶ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ካለፈ በኋላም ሰዎቹ ስለ ሽንትና ስለ ወገብ ሕመም መነጋገራቸውን ቀጠሉ፤ አንዱም ወንድሙን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሊወስደው እንደሚገባ ተነገረው። እነዚህ ሰዎች በማን ስሌት ነው ከተመልካች ያልተቆጠሩት?

እርግጥ ነው፣ በሰኔ የእርሻ ወቅት፣ በነሐሴ አረም፣ በኅዳር አጨዳ፣ በሥራ ቀን ገበሬውን ቴሌቪዥን ፊት የሚያገኘው የለም። ያኔ ማሳው ዳር የሚሰማው ሬዲዮ ነው፤ ለገበሬ ከቴሌቪዥን ይልቅ ሬዲዮ ይቀርባል ቢሉ ኖሮ አጨበጭብልዎ ነበር። እርስዎ ያሉት ግን «የለም» ነው።

ተማሪውም ቢሆን ሙሉ ቀን ክፍል ውስጥ አይደለም። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የጠዋቱ ልጅ ከሰዓት፣ የከሰዓቱ ልጅ ጠዋት ቤቱ ነው። ሌሊት ያደረች ነርስና ሌሊት የጠበቀ ዘበኛም ቀን ነው ቤታቸው የሚገኙት። ባለሱቁ፣ ልብስ ሰፊው፣ መናኸሪያ መኪና የሚጠብቀው፣ ሆስፒታል ካርድ አውጥቶ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ከአንድ ስክሪን ፊት ነው። እነዚህን ሁሉ «ሠራተኛ ቢሮ ነው» በሚል አንድ ሐረግ መዝለል የቢሮ ሰው ሐሳብ ይመስለኛል።

ማታውንስ? ጸሐፊው «ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ሰዓት» ይሉታል። ቤተሰቡ መሰብሰቡን ይሰበሰባል፤ መብራቱ ነው የሚበተነው። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ምድጃውም ምጣዱም አንድ ላይ የሚበራበት፣ መስመሩ የሚጨናነቅበት ሰዓት ነው፤ እኛ ሰፈር የሚጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ቀን 8 ሰዓት ላይ ግን አለ። ጣሪያው ላይ ሶላር የሰቀለ የገጠር ሰውም ፀሐይ እያለች ካየ ባትሪው ለማታ መብራት ይተርፈዋል። ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ የማታ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ለብዙ ቤት የቀን ነገር ነው።

አንድ ምሳሌ ጨምሬ ልለፍ። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐርብ ነበር፤ የሥራ ቀን። ሰለሞን ባረጋ በቶኪዮ የ10 ሺሕ ሜትር ወርቁን ሲወስድ እዚያ መሽቷል፣ እኛ ዘንድ ቀን ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመበት ውድድርም በእኛ ሰዓት እኩለ ቀን ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ዕለቱም ሰኞ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ጥያቄ የሚመልሱትም ጠዋት ነው። ደመራ ከሰዓት፣ ጥምቀት ረፋዱ ላይ ነው። ቀን የተዘጋ ጣቢያ ለእነዚህ ሁሉ ስክሪኑን በልዩ ፈቃድ ሊከፍት ነው?

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ብዙ ሰው ያጨበጨበለት እሱ ነውና። ቤት የዋለች ሴት ወጧ እያረረ ድራማ ታያለች የሚለው።

መጀመሪያ «ማየት» እንዴት እንደሆነ እንተያይ። እናቴ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ስትከፍት እጇ ላይ እንዝርት አለ። ሌላ ቀን በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ ምስር ትለቅማለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ የሚያርፈው ሰው ሲጮህ ወይም በር ሲንኳኳ ነው፤ የቀረውን በጆሮዋ ነው የምትከታተለው። ቤት የምትውል ሴት ሥራ የላትም ያለው ማን ነው? ሥራዋ እጅ የሚይዝ፣ ጆሮ የማይዝ ሥራ ነው እንጂ።

ቃና ቴሌቪዥን ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ሲጀምር ያመጣውን ለውጥ ያየሁት በዚህ በኩል ነው። ከዚያ በፊትም እኮ ሰው የውጭ ድራማና ፊልም ያይ ነበር፤ ዲሹን ወደ ዐረብ ጣቢያዎች አዙሮ፣ ግማሹን በግምት፣ ግማሹን ከታች በሚጻፈው ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ። እንዝርት የያዘች ሴት ጽሑፍ ማንበብ አትችልም፤ ፊደል ያልቆጠረች ደግሞ ጭራሹን። ታሪኩ በአማርኛ ሲነገር ግን ማንም ሳያስተረጉምላት ተከተለችው። ያን ጊዜ የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ገበያችንን ይሻማብናል ብለው አቤት ማለታቸው አይዘነጋም፤ ሥጋታቸውም ከባዶ የተነሣ አልነበረም። ሆኖም ሌላው ወገን፣ ለአማርኛው ድምፅ የሰጡት ወጣቶችም የዚሁ አገር ተዋንያን ናቸው።

ቤት ያፈርሳል ለሚለው ደግሞ እኅቴ የምትሠራበት ፀጉር ቤት ይምጡ። ቢጎዲን ተጠቅልላ ካስክ ውስጥ የገባች ሴት ድምፅ አይሰማትም። ስለዚህ ሠሪዋ እያበጠረች ትነግራታለች፤ «አሁን እናቱ አወቀችበት… ኧረ ወረቀቱን አገኘችው!» ካስክ ውስጥ ያለችው «ማን? ምራትየዋ?» ትላለች፤ ለራሷ ስለማይሰማት ድምፅዋ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ታሪኩ የውርስ ነበር፤ ባል ንብረቱን ከሚስቱ ደብቆ ለወንድሙ ሊያዛውር ሲል የተያዘበት። ማስታወቂያ ሲገባ ወሬው ወደ ራሳቸው ዞረ። ከአማኑኤል ከተማ የመጣች አንዲት ባለትዳር «የመሬት ደብተሩ ላይ የኔም ስም አለ ወይ? አይቼው አላውቅም» አለች። በክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም እንደሚይዝ የሚያውቁት አስረዷት፤ ቤት ስትገባ አውጥታ እንድታየው መከሯት። ያንን ድራማ ማንም ስለ መሬት ሕግ ብሎ አልሠራውም። እኔም ትምህርት ነው ብዬ ላጋንነው አልፈልግም። ነገር ግን «ትዳር አፍራሽ» ሲባል ይህን የመሰለው ወሬም ቢቆጠር ደስ ይለኛል።

«ሥራ የሌላቸው ናቸው የሚያዩት» የሚለው አነጋገር ውስጥ ንቀት አለ፤ ንቀቱም አዲስ አይደለም። ኦፕራ ዊንፍሬይ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2011 በአሜሪካ የመራችው ዝግጅት የቀን ዝግጅት ነበር፤ ተመልካቾቿም በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እዚያ ቀርበው ስለ ፌስቱላ ሲናገሩ ያዩ ሰዎች ለአዲስ አበባው የፌስቱላ ሆስፒታላቸው ገንዘብ ላኩ፤ ኦፕራም ከጊዜ በኋላ ራሷ መጥታ ጎበኘችው። ያው የሃምሊን ድርጅት ዛሬ ባሕር ዳርም ማዕከል አለው፤ ከጎጃም ገጠር በምጥ የተጎዳች ሴት የምትታከመው እዚያ ነው። ያንን ገንዘብ ካዋጡት መካከል በከሰዓት ሰዓት ልብስ እያጠፉ ቴሌቪዥን ሲያዩ የነበሩ ሴቶች አሉበት።

በዚህ ነጥብ ላይ ግን ጸሐፊው አንድ እውነት ይዘዋል፤ ልሰጣቸው እወዳለሁ። ልጆች። ቀን 8 ሰዓት ላይ ሽጉጥ ግንባር ላይ የሚደገንበትን፣ አልጋ ላይ የሚያልቀውን ክፍል የሚያየው ከእናቱ ጎን የቤት ሥራ የሚሠራው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ይህ የሰዓት ምርጫ ጥፋት ነው፤ መታረምም አለበት። አባባ ተስፋዬ ልጅን ከቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠው በተረት ብቻ አርባ ዓመት ያህል ይዘውታል። መፍትሔው ያንን የመሰለ ነገር ለፈረቃ ተማሪው ቀን ላይ ማምጣት ነው እንጂ ስክሪኑን ማጥፋት አይደለም።

ሦስተኛው የድጋሚ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አንጣላም፤ ድጋሚው በዝቷል። አንድ የውይይት ዝግጅት በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ለዚያውም ድጋሚ ነው ተብሎ ሳይነገር። ሰዓቱም አይከበርም፤ 8 ሰዓት የተባለው 9 ሰዓት ሊሞላ ሲል ይመጣል፣ ከመሐል ይጀመራል፣ ከማለቁ በፊት ይቆረጣል። ተመልካቹን እንደሌለ መቁጠር ማለት ይህ ነው፤ ጸሐፊው የሚያማርሩበትን ያመጣውም «ቀን ማን ያያል» የሚለው የራሳቸው ሐሳብ ነው፤ ጣቢያዎቹ ቀድመዋቸው ስላሰቡት።

ብክነት የሚለው ግን ሒሳቡ አይሰምርም። ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት የጠፋበት ቤት ዛሬ 7 ሰዓት ላይ የሚያየው ድጋሚ አይደለም፤ ለእሱ የመጀመሪያው ነው። የሌሊት ተረኛዋም እንዲሁ። የሳተላይት ቦታ ደግሞ እንደ ታክሲ በደረሱበት ልክ አይከፈልበትም። ጣቢያ የሚከራየው የተወሰነ የሞገድ ስፋት ነው፤ ውሉም በወርና በዓመት ነው። ቀን ለስምንት ሰዓታት ስክሪኑን ጥቁር ቢያደርጉት የኪራዩ ሲሶ አይመለስልዎትም። የሚቀረው የተረኛ ቴክኒሻን ደመወዝና የስቱዲዮ መብራት ነው፤ በእሱ ማታውን የሚያሳምር ድራማ አይሠራበትም።

«ድሮ ማታ ብቻ ነበር» ለሚለው አራተኛ ነጥብ አጭር መልስ አለኝ፤ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። መደበኛው ስርጭት የማታ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው በ1950ዎቹ መጨረሻ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ቀን ቀን ትምህርት በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ለጎጃም የመጣውስ የቀን ቴሌቪዥን? እሱን በዓይኔ ነው ያየሁት፤ በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የመጣው ፕላዝማ ነው።

ፕላዝማውን ያላየ ካለ፣ ከሰሌዳው ጎን በብረት ሣጥን ተቆልፎ የተቀመጠ ትልቅ ስክሪን ነበር። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ለአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተመሳሳይ ሰዓት ይወርድ ነበር፤ በእንግሊዝኛ። መምህራችን ሣጥኑን ከፍቶ ትንሽ መግቢያ ይናገራል፣ ከዚያ ጎን ይቆማል፤ የክፍለ ጊዜው አብዛኛው የስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰከንድ ይቆጠራል፣ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ «ቬሪ ጉድ!» ይለናል። ማን መለሰለት? መብራት ከሄደ ደግሞ ያ ትምህርት አመለጠ፤ ሲመጣ የሚቀጥለው ምዕራፍ ላይ ደርሷል። ፕላዝማው በደካማ ጎኑ ይታወስ ይሆናል፤ ግን ደካማነቱ ቀን መሆኑ አልነበረም። ማዶ ያለው ልጅ በምን ቋንቋ እንደሚገባው፣ ለመጻፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት፣ መብራቱ መቼ እንደሚሄድበት ያሰበለት አልነበረም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነው የተሮጠው። ያኔ «ቀን ማን ያያል» ያለ አልሰማሁም።

አምስተኛው ለእኔ ከሁሉም የከበደው ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ የቀን ድራማ መቀነሱ አይካድም። በሳሙና ፋብሪካዎች ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1937 በሬዲዮ የተጀመረና በኋላ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ላይ የዘለቀ ድራማ በ2009 ቆሟል፤ 72 ዓመት ከኖረ በኋላ። ኤንቢሲ ደግሞ ከ1965 ጀምሮ ሲያሳየው የኖረውን በሴፕቴምበር 2022 ፒኮክ ወደተባለው የኢንተርኔት አገልግሎቱ አዛውሮታል። ጸሐፊው የጠቀሱት ይህን ነው፤ ልክ ናቸው።

ያልጠቀሱት ግን አለ። በኤቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ያለው የሆስፒታል ድራማ ዛሬም በቀን ስርጭት ላይ ነው። ሲቢኤስ በ1972 በአዲስ መልክ የጀመረው የዋጋ ግምት ውድድር ዛሬም ረፋዱ ላይ ነው። እንደገናም ያው ሲቢኤስ በፌብሩዋሪ 2025 አንድ አዲስ የቀን ድራማ ከፍቷል፤ በአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ እንዲህ ያለ አዲስ ሥራ ሲጀመር ከ1999 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የሚተው ሰው አዲስ አይጀምርም። በዚያ ላይ፣ ጄ. ኤፍ. ኬኔዲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963 በተተኮሰባቸው ዕለት የሲቢኤስ ዜና አቅራቢው ዋልተር ክሮንካይት ወሬውን ለአገሩ ያሰማው በቀን ድራማ መሐል ገብቶ አቋርጦ ነው። ክፍት ጣቢያ ስለነበር ነው የሚቋረጥ ነገር የተገኘው።

ይህ የእነሱ ነው። ወደ እኛ ስንመጣ «ዩቲዩብ አለ» የሚለው ለማን ነው? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጎጃምን ጨምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አገር የሚያውቀው ነው። ያን ጊዜ እኛ ቤት ዓለምን የሚያሳይ መስኮት ዲሹ ብቻ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲኖርም ዳታ ይገዛል። ዲሽ ግን አንዴ ከተገዛና ባለሙያው ወደ ኢትዮሳት ካዞረው በኋላ የሚከፈለው የመብራት ብቻ ነው። አንዲት እናት የአንድ ሰዓት ድራማ በዩቲዩብ ለማየት ፓኬጅ ግዢ ብንላት ሒሳቡን በሽንኩርት አስልታ ነው የምትመልስልን። ወጣቱ ቲክቶክ ላይ ነው የሚለውን እቀበላለሁ፤ የእኔም የወንድሜ ልጅ እዚያው ነው። ጥያቄው ግን ቀን ማን ቴሌቪዥን ያያል የሚል ነበር፤ ወጣት ሁሉ አያይም ማለት ማንም አያይም ማለት አይደለም።

አሁን የቀረው ገንዘቡ ነው። የጸሐፊው ሐሳብ ቀኑ ሲዘጋ ገንዘቡ ወደ ማታ ይፈስሳል የሚል ነው። ማታውን ለረጅም ጊዜ ይዞት የነበረው የቢራ ማስታወቂያ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአዋጅ ከቴሌቪዥን ወጥቷል። ቀን የሚነገረው ግን የልብስ ሳሙና፣ የምግብ ዘይት፣ የዳይፐር፣ የፓስታ ነው፤ ገዢዋም ያው እንዝርት ይዛ የምታዳምጠዋ ሴት ናት። ስለዚህ በእኔ ግምት ጣቢያ በቀን ዝግጅቱ ላይ ማውጣት ያለበት ገንዘብ ከራሱ ከቀኑ ሊገኝ ይችላል፤ ማንን እንደሚያናግር ካወቀ። ሚካኤልና መድኃኔዓለም ከሰዓት ላይ ስለ አፈር አሲዳማነትና ስለ ኖራ፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም፣ ስለ ከብት በሽታ የሚያስረዳ ባለሙያ ያቅርብ፤ ጠጅ ቤቱ ድምፁን ይጨምርለታል። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት የልጆች ይሁን፤ ሽጉጡ ወደ ማታ ይሂድ። ድጋሚ ከሆነ «ድጋሚ» ብሎ ይጻፍበት፤ 8 ሰዓት ያለውን 8 ሰዓት ያቅርብ። ይህ ሁሉ አዲስ ስቱዲዮ አያስገነባም፤ የበዓላት ቀን መቁጠሪያና ሰዓት የሚያከብር ተረኛ ነው የሚፈልገው።

ጣቢያው ቀን ከዘጋ ግን የሳሙናው ነጋዴ ገንዘቡን ይዞ ማታ ድረስ የሚጠብቀው አይመስለኝም። እሱ ደንበኛውን ያውቃታል፤ በዚያ ሰዓት ክፍት ወደሆነው ሬዲዮ ነው የሚሄደው።